«እናት ሆነሽ ለምን ስራ ጀመርሽ?» ደሴ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ላይ ልጅ እያሳደግኩ ባልትና እሰራለሁ፤ እነዚህ ወፍጮ ቤት፣ ሰኞ ገበያና ቅሬ (ዕድራችን) ላይ እናቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች ናቸው።

ደሞዝ እያለሽ ለምን ለቀቅሽ?

ቤቴ ደሴ ነው፤ የምሰራው ግን ኮምቦልቻ ነበር። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲሰሙት አጭር ይመስላል። ግን ሐረጎ የሚባለው ዳገት አለ። ጠዋት ጉሙ ሲወርድ ሚኒባሱ መብራት አብርቶ እየተንፏቀቀ ነው የሚወርደው። ማታ ደግሞ አንድ ከባድ መኪና ዳገቱ ላይ ከተበላሸ ሁሉም ከኋላው ይሰለፋል።

ከወሊድ ፈቃድ የተመለስኩ ሰሞን አንድ ማታ መንገዱ ተዘጋ። ልጄ የሚጠባበት ሰዓት ደረሰ። ጡት ሰዓቱን ያውቃል። ወተቱ ሸሚዜን አልፎ ሹራቤን አረጠበው። ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት አዩኝ። ምንም አልጠየቁኝም። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው አለበሱኝና «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። ቤት ስደርስ ልጄ አልቅሶ አልቅሶ ተኝቷል።

ያን ማታ ወሰንኩ። ስራ ጠልቼ አይደለም፤ አለቃዬም ክፉ አልነበረም። ልጄ 6 ወር እስኪሞላው ጡት ብቻ እንዲጠባ ፈልጌ ነበር፤ በዚያ መንገድ ግን አልቻልኩም። የኔ ምክንያት ይኸው ነው። ያንቺ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ባልሽ እየሰራ አንቺ ምን ጎደለሽ?

ይሄን የሚጠይቁኝ ብዙ ጊዜ በቅንነት ነው። መልሴም ቀላል ነው፦ ባል መስራቱና እኔ በእጄ ገንዘብ መያዜ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልጅ ሌሊት ሲያተኩስ መድኃኒት ለመግዛት የተኛ ሰው ቀስቅሼ ብር መጠየቅ አልፈልግም። ባለቤቴም እንድጠይቀው አይፈልግም።

ደግሞ ሁሉም ቤት ባል አለ ማለት አይደለም። እዚህ ወሎ ውስጥ ባሏ ዓረብ አገር ሄዶ ብቻዋን የምታሳድግ አለች። ራሷ ዓረብ አገር ቆይታ የተመለሰችም አለች። ከነዚህ አንዷ ጎረቤቴ ናት። ልጇን የ2 ዓመት ትታው ሄዳ ስትመለስ ከአያቱ ጀርባ ተደብቆ ነው ያያት። አሁን በራቸው ላይ ሳምቡሳና ጮርናቄ ትሰራለች። «ለምን ጀመርሽ?» ስትባል የምትመልሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ሁለተኛ እንዳልሄድ።» እኔ ከዚህ የበለጠ ምክንያት አላውቅም።

ከወለድኩ በኋላ መቼ ብጀምር ይሻላል?

መጀመሪያ ቀኑን ቁጠሪ። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሰረት ተቀጣሪ እናት ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከነደሞዟ ታርፋለች። ጤና ጣቢያ ደግሞ ሕፃኑ 6 ወር እስኪሞላው ከእናት ጡት በቀር ውሃም አትስጪው ይልሻል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ግን በመሀል 3 ወር ይቀራል። ብዙዎቻችን ስራ የምንለቀው እዚያ 3 ወር ውስጥ ነው።

ከቻልሽ አራስ ቤት ሳለሽ ንግድ አትጀምሪ። ሰውነትሽ ይጠገን። ያንን ጊዜ ለማሰብና ለመጠየቅ ተጠቀሚበት። ሊጠይቁሽ የሚመጡ ሴቶች ሁሉ ገበያ የሚያውቁ ናቸው፤ ገንፎውን እየበሉ ስንት መረጃ ይሰጡሻል። እኔ የበርበሬ ደንበኞቼን ግማሽ ያገኘሁት አልጋ ላይ ሆኜ ነው።

ስራሽ አሁንም የሚፈልግሽ ከሆነና አቅራቢያ ከሆነ፣ ጡት አልቦ ማስቀመጥም መንገድ ነው። የታለበ ወተት ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ውስጥ ለ4 ሰዓታት ያህል፣ በፍሪጅ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ለኔ መንገዱ ስለረዘመ አልሆነም። ላንቺ ከሆነ ስራሽን ለመልቀቅ አትቸኩይ።

የራስ ስራ ሲሆን ከልጅ ጋር የማሳልፈው ጊዜ ይበዛል?

መጀመሪያ ላይ አይበዛም። ይሄን በግልጽ ልንገርሽ፤ ለኔ ማንም አልነገረኝም ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ከቅጥር ስራው የበለጠ ሰዓት ሰርቻለሁ። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቼ ሽሮ እቆላለሁ፤ ማታ ልጁ ሲተኛ አሽጋለሁ።

የሚለወጠው ሌላ ነገር ነው። ሰዓቱን ማዘዋወር ትችያለሽ። ልጅ ሲታመም ማንንም ሳታስፈቅጂ ጤና ጣቢያ ትሄጃለሽ፤ የቀረውን ስራ ማታ ትጨርሺዋለሽ። ሲርበው ታጠቢያለሽ። ምክንያትሽ «ማረፍ» ከሆነ የራስ ስራ አያሳርፍሽም። ምክንያትሽ «በሚያስፈልግበት ሰዓት መገኘት» ከሆነ ግን ያስችልሻል።

ለእናት የሚስማማው ምን ስራ ነው?

ይሄን ለሁሉም በአንድ ቃል መመለስ አይቻልም። ቀድመሽ ምክንያትሽን እወቂ፤ ስራውን የሚመርጥልሽ እሱ ነው። ቀኑን ሙሉ ቤት መሆን የምትፈልግ ሴት ሱቅ ብትከፍት ራሷን ከአንዱ እስር ወደ ሌላው አዛወረች። ከቤት መውጣትና ሰው ማየት የናፈቃት ደግሞ ቤቷ ተቀምጣ ሽሮ ብትቆላ ትታመማለች።

ቦታውም ይወስናል። ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከዚያ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ይሄ ለጂኦግራፊ ፈተና ብቻ አይደለም። የእንጀራ ሊጥ ኮምቦልቻ ቶሎ ይቦካል፤ እዚህ በክረምት ብርድ ልብስ አልብሰሽው እንኳ ያስጠብቅሻል። በርበሬ ማድረቅም እንደዚያው ነው። ሐምሌና ነሐሴ የጦሳ ተራራ በጉም ሲሸፈን ፀሐይ ትጠፋለች፤ ያልደረቀ በርበሬ ደግሞ ይሻግታል። እኔ የዓመቱን በርበሬ ክረምት ሳይገባ እጨርሳለሁ። እንጀራ የምታስቢ ከሆነ ግን ኮምቦልቻ ያለችው እህት ትቀድምሻለች።

ባልትና ላይ ወሎ አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ሁለቱም ጾም ገበያ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሽሮ አይበቃም። ረመዳን ሲገባ የሾርባ አጃና ስንዴ ይፈለጋል። በሶ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አለ። ስፌት የምትችዪ፣ ለምሳሌ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲንጀር ላይ የሰራሽ ከሆነ፣ እጅሽ ላይ ያለው ሙያ ከኔ ሽሮ የበለጠ ያስከፍላል። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ብቻ ነሐሴና መስከረምን ያሰራሻል። ሰፈርሽ ውስጥ ተቀጣሪ እናቶች ካሉ ደግሞ ልጅ ማዋል ራሱ ስራ ነው። ያን ጊዜ አንድ የማምናት ልጅ የምታውል ሴት በሰፈሬ ብትኖር ኖሮ እኔም ደሞዜን አልተውም ነበር ይሆናል።

መነሻ ገንዘብ ከየት አመጣለሁ?

እኔ በዕቁብ ነው የጀመርኩት። ስራ ላይ ሳለሁ ከባልደረቦቼ ጋር የምንጥለው ዕቁብ ነበር። ዕጣው ሲደርሰኝ በርበሬ፣ ሽምብራና ገብስ ገዛሁበት። ትንሽ ጎደለኝ፤ እህቴ አበድራኝ ሞላሁት። ዕቁብ ጥሩነቱ ወለድ የለውም፤ ክፋቱ ደግሞ ዕጣ ከወጣልሽ በኋላም መጣል አለብሽ። ደሞዝ ከለቀቅሽ በኋላ ያንን መዋጮ ከምን እንደምትከፍዪ አስቀድመሽ አስቢ።

ብድር የምትፈልጊ ከሆነ ብዙዎች የሚሄዱት ወደ ፀደይ ባንክ ነው። ድሮ «አብቁተ» የምንለው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ነው ባንክ የሆነው። በቡድን ዋስትና ስትበደሪ አብረውሽ የሚፈርሙትን ሴቶች እንደ ትዳር ምረጫቸው፤ አንዷ ካልከፈለች ወደ ሌሎቻችሁ ይመጣል። ወለድ የማትፈልግ እናት ወለድ አልባ አገልግሎት ያለው ባንክ ሄዳ ስለ ሙራባሃ ትጠይቅ። ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ በታወቀ ትርፍ ይሸጥልሻል፤ ቀስ እያልሽ ትከፍያለሽ።

ወርቅሽን ግን አትሽጪ። የግድ የሚያስሸጥ ችግር እስኪመጣ ድረስ አስቀምጪው። ይሄ የኔ አቋም ነው፤ የሚቃወሙኝ አሉ።

ቤት ውስጥ ለምሰራው ንግድ ፈቃድ ያስፈልገኛል?

አዎ። ለጎረቤት ሁለት ኪሎ ሽሮ ስትሸጪ ማንም አይጠይቅሽም፤ መደበኛ ንግድ ሲሆን ግን ቲን ቁጥርና ንግድ ፈቃድ ያስፈልግሻል። ሱፐርማርኬት ማስገባት ወይም ለመስሪያ ቤት ማቅረብ ካሰብሽ ያለሱ በሩን አታልፊም። የምትሰሪው ምግብ ከሆነ የንጽሕናውንም ጉዳይ አብረሽ ጠይቂ። ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ስትሄጂ ጠዋት ሂጂ፤ ልጅም ይዘሽ አትሂጂ፤ ወረፋው ያደክመዋል።

ልጄን አጠገቤ አድርጌ መስራት እችላለሁ?

እንደ ስራው ነው። ሽሮ ስለቅም፣ ዛላ ስቀነጥስ፣ ሳሽግ አጠገቤ ይሆናል። በርበሬ ስቆላና ስደልዝ ግን በፍጹም። ልጄ ዓመት ከመንፈቅ ሳለ የተደለዘ በርበሬ ያሰጣሁበት ትሪ ላይ እጁን አሳርፎ ዓይኑን አሸበት። ጩኸቱ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ውሃ በላይ በላዩ እያፈሰስኩ ደጋግሜ አጠብኩት፤ ከዚያ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ደህና ሆነ። ከዚያ ቀን ወዲህ በርበሬ የሚሰራው ማክሰኞና ሐሙስ ነው፤ እነዚያ ቀናት እሱ እናቴ ቤት ይውላል።

የጋለ ምጣድ፣ የፈላ ዘይት፣ ስለት ያለበት ስራ ካለሽ ሰው ያስፈልግሻል። ያ ሰው እናትሽ ብትሆንም ክፈያት። ብር ባትቀበል ጤፍ ግዢላት። የሷንም ድካም ዋጋ ውስጥ ካላስገባሽ ትርፍሽ ትርፍ አይደለም።

ዋጋ እንዴት ላውጣ? ሰው «የቤት ስራ ነው» ብሎ ያረክሰዋል።

ብዙ እናት የምትከስረው እዚህ ላይ ነው። በርበሬ የገዛሽበትን ዋጋ ብቻ አትቁጠሪ። ዛላው ሲቀነጠስና የተበላሸው ሲለቀም ክብደቱ ይቀንሳል። ከዚያ ነጭ ሽንኩርት አለ፤ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ኮረሪማ፣ አዝሙድ አለ። ወፍጮ አለ፤ ባጃጅ አለ፤ ላስቲክ አለ። በመጨረሻ ያንቺ ቀን አለ። እኔ የራሴን ውሎ እንደ ቀን ሰራተኛ ደሞዝ ደብተር ላይ እጽፈዋለሁ። ያንን መጻፍ ስጀምር ነው ለአራት ወር በነጻ ስሰራ እንደነበር ያወቅኩት።

ዱቤም አለ። በአንድ ቅሬ ውስጥ እየኖርሽ «ዱቤ የለም» ማለት ከባድ ነው፤ ነገ ለቅሶሽ ላይ ቡና የሚያፈሉት እነሱ ናቸው። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ለአንድ ቤት በአንድ ጊዜ አንድ ዱቤ ብቻ። ያ ሳይከፈል ሁለተኛ አልሰጥም። «ያለፈውን በቴሌብር ላኪልኝና ይሄን ልስጥሽ» እላለሁ። ማንም ተቀይሞኝ አያውቅም።

ደሞዝ ስተው ከብሩ ሌላ ምን አጣለሁ?

ጡረታ። በግል ድርጅት ተቀጥረሽ ከሆነ ካንቺ ደሞዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሰሪው 11 በመቶ ይጨምርበታል። ስትለቂ ይሄ ይቆማል። የዘወትር አበል ለማግኘት የተወሰነ የአገልግሎት ዓመት መሙላት ስለሚያስፈልግ፣ ስሜት በገነፈለበት ማታ አትልቀቂ፤ መጀመሪያ ስንት ዓመት እንደሚቀርሽ ጠይቂ። ስትለቂም በሕጉ መሰረት 30 ቀን አስቀድመሽ በጽሑፍ አሳውቂ። በሰላም የወጣሽበት በር አንድ ቀን ሊያስፈልግሽ ይችላል፤ የኔ የመጀመሪያ ትልቅ ደንበኞች የድሮ ባልደረቦቼ ናቸው።

ለሕክምና ደግሞ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ውስጥ ግቢ። መደበኛ ደሞዝ ለሌለው ቤተሰብ የተዘጋጀ ነው። ሙከራው በ2003 ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዷ ጎረቤታችን ተሁለደሬ ስለነበረች እዚህ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። በየዓመቱ መታደሱን ግን አትርሺ።

ያገኘሁት ገንዘብ የኔ ነው ወይስ የቤቱ?

በሕጉ፣ በትዳር ውስጥ ሆናችሁ ሁለታችሁም የምታገኙት ገቢ የጋራ ነው። የሱ ደሞዝም፣ ያንቺ የሽሮ ብርም። ይሄ ላንቺም ይጠቅምሻል፤ አንቺ ልጅ ይዘሽ ቤት ስትውዪ እሱ ያፈራው የጋራችሁ ነበርና።

ግን የጋራ ነው ማለት ከንግዱ ሳጥን ማንም እየመዘዘ ይወስዳል ማለት አይደለም። የንግዱን ብር ከአስቤዛው ለዪ። የተለየ የባንክ ሂሳብ ክፈቺ። እኔና ባለቤቴ ይሄን ለመስማማት ሁለት ጊዜ ተኳርፈናል። ሦስተኛው ላይ ደብተሩን አብረን ገልጠን አየነው፤ የቀጣዩን ወር በርበሬ መግዣ ለቤት ኪራይ አውጥተነው ነበር። ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ ወዲህ ሂሳቡ ለየብቻ ነው።

ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ቢጠፋስ?

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ይሄ ባዶ ስጋት አይደለም። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር በጦርነቱ ያለፈውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ያን ጊዜ ከአንድ ልብስ ጋር ልጅ አዝለው የወጡ፣ ሲመለሱ የሱቃቸውን በር እንኳ ያላገኙ ሴቶች ናቸው ዛሬ ሰኞ ገበያ ላይ ቁጭ ብለው የሚሸጡት። እነሱን ስጠይቃቸው የሚነግሩኝ ተመሳሳይ ነው፦ ያለሽን ሁሉ ዕቃ ላይ አታፍስሺ፤ ትንሽ ብር ባንክ ይኑርሽ፤ የሰው ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፊ። አንዷ የድሮ ደንበኞቿን መልሳ ያገኘቻቸው ጡቷ ስር ይዛ በወጣችው ትንሽ የዱቤ ደብተር ነው። ባለዕዳዎቿ አንድ በአንድ እየመጡ ከፈሏት። በዚያ ብር ነው እንደገና የጀመረችው።

እውነቱን ለመናገር ለልጄ ሳይሆን ለራሴ ብዬ ነው መጀመር የምፈልገው። ነውር ነው?

ይሄን የምትጠይቀኝ ሴት ሁልጊዜ ሌሎቹ እስኪሄዱ ትጠብቃለች። ድምጿንም ዝቅ ታደርጋለች። አይደለም፤ ነውር አይደለም። «ለልጄ ብዬ» ማለት ሁሉም ጆሮ የሚቀበለው መልስ ነው። አማትም፣ ሸህም፣ ቄስም አይቆጡሽም። ግን እውነተኛው ምክንያትሽ «ተምሬ ቤት ተቀመጥኩ፤ ጭንቅላቴ ዛገ» ከሆነ ያንኑ ለራስሽ ንገሪው። ልጅን ሰበብ ያደረገች እናት ስራው ሲከብድ በልጁ ላይ ታማርራለች። «ላንተ ብዬ እኮ ነው እንዲህ የምሆነው» ትለዋለች። ልጁ ደግሞ አልጠየቃትም።

የኔም ምክንያት ተቀይሯል። ስጀምር የሂሳብ ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «6 ወር እስኪሞላው ላጠባው» ብዬ ጽፌ ነበር። 6 ወር ሞላው። ጡትም ተወ። አሁን ጠዋት ቦርሳውን አዝሎ መዋዕለ ሕፃናት ይሄዳል፤ ቤቱ ጸጥ ይላል። ኮምቦልቻ መመለስ እችል ነበር፤ ተጠርቼም ነበር። አልሄድኩም። አንድ ቀን ጠዋት ወፍጮ ቤት ተራዬን እየጠበቅኩ ደብተሩን አውጥቼ የድሮውን መስመር ሰረዝኩና ከስሩ «የራሴ የሆነ ነገር እንዲኖረኝ» ብዬ ጻፍኩ። ያኔ ሰው እንዳያይብኝ ቶሎ ከደንኩት። አሁን ድምጿን ዝቅ አድርጋ የምትጠይቀኝ ስትመጣ ያንን ገጽ ገልጬ አሳያታለሁ።